ጭብጨባው ሲቆም

መምህር ባዳቾ በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወላይታ ውስጥ ከአረካ ከተማ ተዛውሮ ወደ ትንሿ ቦምቤ ሲመጣ የያዘው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና በካርቶን የታሰሩ መጻሕፍት ብቻ ነበር። ሚስቱ ሚርያም በወሊድ ከሞተች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ሕፃኑም አልተረፈም። አብረው የኖሩበትን ቤት ማየት ስላቃተው ዝውውሩን የጠየቀው ራሱ ነው። ማመልከቻውን የተቀበሉት ሰዎች "ሌላው ከአረካ ውጣ ሲባል ያለቅሳል፤ አንተ ሳትባል ትወጣለህ?" ብለው እየተገረሙ ፈረሙለት።

እኔ ዘመነች እባላለሁ። ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የነገዱ ናቸው፤ እኔ ግን ንግዱን ትቼ ጠመኔ ያዝኩ። ባዳቾ በተመደበበት የቦምቤ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። የባዳቾን ክፍልና የእኔን ክፍል የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሱ ሲናገር እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ሳስነብብ እሱ ይሰማል። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ የሥራ ባልደረባዬን ስም ለማጥፋት አይደለም። እሱ ራሱ "ይንገሩት፣ እትዬ፤ ቢያንስ ሌላው መምህር ይማርበት" ብሎ ፈቅዶልኛል።

ባዳቾ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሶ ይመጣል፤ አስተምሮ ሲጨርስ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እሑድ ጸሎት ቤት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ምእመኑ ሰላምታ መለዋወጥ ሳይጀምር ቀድሞ ይወጣል። ሰው ጠልቶ አልነበረም። "እንዴት ነህ?" ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስላልነበረው ነው።

ሥራውን ግን ይወድ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። በክፍሉ ሰባ ስምንት ተማሪዎች አሉ፤ በአንድ ዴስክ አራት አራት እየሆኑ ይቀመጣሉ። እስከ አራተኛ ክፍል በወላይትኛ ተምረው የመጡ ልጆች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሆነባቸው። ባዳቾ አስረድቶ ሲጨርስ "ገባችሁ?" ይላል። "የስ ቲቸር!" ይላሉ በአንድ ድምፅ። "እስቲ አንድ ሰው ይውጣና ይሥራው" ሲል ሰባ ስምንቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህ ወር ሙሉ ቀጠለ። እሱ ቤቱም ዝምታ፣ ክፍሉም ዝምታ ሆነበት።

አንድ ሰኞ ሦስት እስክሪብቶና ሁለት ደብተር ገዝቶ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ" አለ፣ "በየሳምንቱ ፈተና አለ። አንደኛ የወጣ ይሸለማል፤ ሦስት ጊዜ ይጨበጨብለታል።" ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም የራሱን ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ ከሰሌዳው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ አስቀመጠው። የሳምንቱ አንደኛ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ላይ ተቀምጦ እንዲማር ወሰነ። እሱ ቆሞ ያስተምራል።

ክፍሉ ከእንቅልፉ ነቃ። እጅ የማያወጡት እጅ ማውጣት ጀመሩ። የሚያረፍዱት ማለዳ እየመጡ በር ላይ መጠበቅ ጀመሩ። አርብ አርብ ጭብጨባው የእኔን ክፍል ጠመኔ ከሰሌዳው ጠርዝ እስኪጥል ድረስ ይሰማ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ተደሰተ። ከወረዳ ሰዎች መጥተው አዩና ባዳቾን "ሞዴል መምህር" ብለው የምስክር ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱን በተከራየው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከእሱ በቀር የሚያየው ሰው አልነበረም።

ቆይቶ ነው የነገረኝ። "እትዬ፣ ያ ጭብጨባ ለልጆቹ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ቅዳሜና እሑድ ብቻዬን ስቀመጥ እኮ የአርቡን ጭብጨባ ነበር የማስታውሰው።"

እዚያ ክፍል ውስጥ ትዕዛዝ የምትባል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ በገበያ ቀን ጎደሬና ስኳር ድንች ትሸጣለች። ትዕዛዝ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ነገር ግን "ለምን" ማለት የማይታክታት ልጅ ነች። እኔ ተረትና ምሳሌ ሳስተምር "ላም አለኝ በሰማይ" የሚለውን ብጽፍ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ላሟን ማን ነው ሰማይ ያወጣት?" አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ባዳቾ አንድ ቀን ስለ ክብ አስተማረ። የማንኛውም ክብ ዙሪያ በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር የሚለካው ርዝመት ሦስት እጥፍና ትንሽ ትርፍ ነው ብሎ ጻፈላቸው። ልጆቹ ገለበጡ። ትዕዛዝ ግን አላመነችም። በገበያ ቀን የቃጫ ገመድ ይዛ ወጣችና የእናቷን ድስት አፍ ለካች። ቀጥላ ሳፋ፣ የጀበና ክዳን፣ የልብስ ሰፊውን ብስክሌት ጎማ ለካች። ዐሥራ አንድ ነገር ለክታ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈች። ሰኞ ጠዋት ደወል ሳይደወል መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ አገኘናት።

"ቲቸር፣ ሁሉም እሺ አሉ" አለችው።

"እነማን ናቸው እሺ ያሉት?"

"ክቦቹ። የብስክሌቱ ጎማም እሺ አለ። ድስቱ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ አፉ ተጣሞ ነው።"

ባዳቾ ደብተሩን ተቀብሎ አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር አስታውሳለሁ። "ማን አዘዘሽ?" ሲላት "ማንም" አለች፤ ጥያቄው ግራ እንዳጋባት ያስታውቅ ነበር።

ክፍል ይዟት ገባ። ለሁሉም አወራላቸው። እስክሪብቶና ደብተር ሸለማት፤ ሦስት ጊዜ አስጨበጨበላት፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ትዕዛዝ የሚቀጥለውን ሳምንት ፈተና አንደኛ ወጣች። ከዚያም የሚቀጥለውን። ከዚያ በኋላ ከወንበሩ አልወረደችም። ግን አንድ ነገር እየተለወጠ መጣ። "ለምን" ስትል የነበረችው ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?" ማለት ጀመረች። አይወጣም ከተባለች እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። እኔ ክፍል ውስጥም ተረት ሳወራ በጉልበቷ ላይ የሒሳብ ደብተር ዘርግታ አገኛት ጀመር።

ሶፊ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። ሁለቱ ከአንድ ሰፈር አብረው የሚመጡ፣ አንድ ቆሎ ለሁለት የሚካፈሉ ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን ሶፊ ያልገባትን ጥያቄ ይዛ ወደ ወንበሩ ሄዳ "አሳዪኝ" ስትላት ትዕዛዝ ደብተሯን በክንዷ ሸፈነች። ሶፊ ምንም ሳትናገር ወደ ዴስኳ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለየብቻ መምጣት ጀመሩ።

በእረፍት ሰዓት ትዕዛዝን ከሰንደቁ እንጨት ሥር ብቻዋን ተቀምጣ አየኋትና ጠጋ አልኩ።

"ልጆቹ እየተጫወቱ አንቺ ለምን ብቻሽን?"

"ከተጫወትኩ ይደርሱብኛል" አለችኝ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሳ።

ደነገጥኩ። ልቀመጥና ላናግራት ብዬ ሳለሁ ደወል ተደወለ፤ ገባሁ። በማግስቱ ሌላ ሥራ ነበር። አስተማሪ ነኝ የምትሉ ሁላችሁ፣ ይህችን "ደወል ተደወለ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ብዙ ልጅ በእሷ ምክንያት ከእጃችን ወጥቷል።

ባዳቾን ግን በዚያው ሳምንት አናገርኩት። ሻይ እየጠጣን ነበር።

"ባዳቾ፣ ይቺ ልጅ በገመድ ስትለካ ማን ነበር ያጨበጨበላት?" አልኩት።

"ማንም። ለዚህ እኮ ነው ያጨበጨብኩላት" አለኝ።

"አሁንስ ካላጨበጨብክላት ትለካለች?"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እትዬ ዘመነች፣ ሰው ያለ ማበረታቻ ይሠራል እንዴ? እኔና እርስዎ ያለ ደመወዝ እንመጣለን? እነዚህ ልጆች እንቅልፋሞች ነበሩ። አሁን ይዩዋቸው!"

"ለደመወዝ እመጣለሁ" አልኩት። "አንድ ልጅ ማንበብ ሲገባው ፊቱ ሲበራ የማየውን ግን ደመወዝ አይሰጠኝም። እሱ ባይኖር ደመወዙም ክፍል ውስጥ አያቆየኝም ነበር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንተ ግን አንዱን በሌላው እየተካኸው ነው።"

"ውጤቱን ይዩ" አለኝ። ውጤቱ ደግሞ እውነትም ጥሩ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ሲመሰገን "ተሳስተሃል" ማለት ቀላል አይደለም፤ ቀላል ባይሆንም ግዴታዬ ነበር።

ትዕዛዝ የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆና አለፈች። በ2000 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል እንድትማር ሶዶ አጎቷ ቤት ሄደች። እናቷ ስትሸኛት ስኳር ድንች በማዳበሪያ ጭና አውቶቡሱ እስኪሰወር ድረስ እጇን እያወዛወዘች ቆማ ነበር። ባዳቾም መናኸሪያው ነበር። እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፤ ይህን ለማንም ባይናገርም እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማንም።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባዳቾ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሶዶ ሄደ። ወረቀት ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ከመንገድ ዳር ወደ አንዲት ሱቅ ሲገባ ከማሽኑ ጀርባ ቆማ ወረቀት የምታስተካክለው ትዕዛዝ ሆና አገኛት። አድጋለች። እሷም አወቀችው፤ አንገቷን ደፋች።

"ሳሮ፣ ትዕዛዝ!" ብሎ በወላይትኛ ሰላም አላት። "ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?"

"ትቻለሁ፣ ቲቸር።"

"ትተሻል? ምን ሆነሽ? ታመሽ ነው? አጎትሽ አስቸገረሽ?"

"አይ፣ አጎቴ ደህና ሰው ነው። እሱማ 'ተማሪ' እያለ ይለምነኛል።"

ወረቀቱን ከማሽኑ እያወጣች ደረደረች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችው። ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ ልጅ ነው። ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ስሟን አያውቅም፣ ቆም ብሎም አይጠብቅም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሃያ ሦስተኛ ወጣች። ካርዱን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆመች። የሰደባት የለም፣ ያጽናናትም የለም። ሁሉም የየራሱን ካርድ እያየ አለፈ።

"ሒሳቡ ከብዶሽ ነበር?"

"አልከበደኝም። ደብተሩን ስከፍት 'ማን ያይልኛል?' እላለሁ። ከዚያ እዘጋዋለሁ።"

"ትዕዛዝ፣ የሚማረው እኮ ለራስ ነው!"

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ልትወቅሰው ፈልጋ አልነበረም፤ ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

"ቲቸር፣ በፊት እንዴት ነበር ለራሴ የምማረው?"

ባዳቾ የፎቶ ኮፒውን ከፈለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ። ሥልጠናውን ሳይጨርስ በማግስቱ ወደ ቦምቤ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ነገረኝ። "አጠፋኋት" አለኝ። "ያቺን ልጅ እኔ ነኝ ያጠፋኋት።"

ያኔ የሰማሁትን ጸጸት አከበርኩ። ከጸጸቱ በኋላ ያደረገውን ግን ማክበር አልቻልኩም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጀርባ መለሰ፤ ጥሩ። የሳምንቱን ፈተና አስቀረው፤ ይሁን። ነገር ግን በዚያ አላቆመም። ከአንደበቱ "ጎበዝ" የሚል ቃል ጠፋ። ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ በትክክል ሲሠራ "ተቀመጥ" ይላል። ሲሳሳትም "ተቀመጥ" ይላል። "ዕውቀት ራሱ ሽልማት ነው፤ የፈለገ ይማር" አለኝ ስጠይቀው። ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኝ የነበረው ክፍል ባዶ ቤት መሰለ።

"ወጥ ላይ ጨው የበዛባት ሴት ጨው መጠቀም ትተዋለች እንዴ?" አልኩት።

"በጭብጨባ አንዴ ሰው አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛ አልነካውም" ብሎ ፊቱን አዞረ።

በዚያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ሶርሳ የሚባል ሰው ነበር። ልጅ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት። ከዐሥር ዓመት በፊት ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ ያቋረጠ ገበሬ ነው። ትልቋ ልጁ አንደኛ ክፍል ገብታ የቤት ሥራዋን "አባዬ፣ እየው" ብትለው የደብተሩ ቁጥር ጠፍቶበት አፈረ። በማግስቱ መጥቶ ተመዘገበ። ማለዳ ለከብቶቹ ሣር አጭዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ይመጣል። ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል። ልጆቹ "አባባ" እያሉ ይስቁበታል። ከሃያው አራት ያመጣል፣ ከሃያው አምስት ያመጣል፤ ግን አይቀርም።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ሶርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የእኩልታ ጥያቄ ማንም ሳይረዳው ሠራ። ተማሪዎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ባዳቾ ፊት ቆመ። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

ባዳቾ አየው፤ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አደረገ፤ "ሌላውን ቀጥል" ብሎ መለሰለት።

ሶርሳ አልሄደም። "ቲቸር፣ ልክ ነው?" አለ።

"ምልክቱን አላየህም?"

"አየሁ" አለ ሶርሳ፤ ወጣ። ግቢው መሃል ሲደርስ ቆም ብሎ ደብተሩን ከፍቶ ያችን ምልክት አየ። እንደገና ዘጋው። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ባዳቾን ይዤው ቆምኩ። በዚህ ጊዜ ደወል ቢደወልም ላልገባ ቆርጬ ነበር።

"ሶርሳ የት ሄደ?"

"አላውቅም። ፍላጎት ካለው ይመጣል።"

"ፍላጎት? ያ ሰው ሚስቱና ልጆቹ እያዩት ከልጆች ጋር ሊማር የመጣ ሰው ነው! ፍላጎት እንደ እሳት ነው፣ ባዳቾ። የትዕዛዝ ራሱ ይነድ ነበር፤ አንተ ጋዝ ጨመርክበትና ቶሎ በልቶ ጨረሰው። የሶርሳ ገና ፍም ነው። እፍ የሚልለት ሰው ፈልጎ አንተ ድረስ መጣ፤ አንተ አፍህን ዘጋህበት።"

ሊሄድ ዞረ። እኔ ግን አላቆምኩም። "አንተ ራስህስ? ሚርያምን ቀብረህ እዚህ ስትመጣ አንድ ሰው 'በርታ' ቢልህ ትጠላ ነበር? አላልንህም፤ ጥፋታችን ነው። በሩን ዘግተህ ስለምትቀመጥ ማንንም የማትፈልግ መስሎን ነው። አየህ፣ ዝም የሚል ሰው ሁሉ ሙሉ ሆኖ አይደለም።"

ሚርያምን በስሟ የጠራሁለት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሦስት ዓመት ተኩል በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስንኖር ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ባዳቾ ብቻውን ወደ ሶርሳ መንደር ተነሳ። መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት የበዛበት ነው፤ ሶርሳ በየቀኑ የሚመላለሰው በዚህ መሆኑን ያኔ በእግሩ አወቀው። ሶርሳን እንሰት ሲኮተኩት አገኘው። ሶርሳ ደንግጦ መቆፈሪያውን ጣለ፤ ባለቤቱ ቶሎ ብላ አግዳሚ አውጥታ፣ የተቀቀለ በቆሎና ቦሎቄ ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረበች። በወላይትኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ተጫወቱ። ከዚያ ባዳቾ "ደብተርህን አምጣልኝ" አለው።

ሶርሳ አመጣ። ባዳቾ ያችን ጥያቄ አወጣና "ይህን እንዴት እንደሠራኸው አስረዳኝ" አለ።

"ተሳስቼ ነው?"

"አልተሳሳትክም። እንዴት እንዳሰብከው ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ሶርሳ የእጁን አፈር እያራገፈ አሰበ። "በሚዛን ነው ያሰብኩት" አለ። "ባለቤቴ ቅቤ ስታስመዝን አያለሁ። ከአንዱ በኩል ሲነሳ ከሌላውም ካልተነሳ ሚዛኑ ያዘነብላል። ይሄም ወዲህና ወዲያ አለው። ከዚህ ሦስት ሳነሳ ከዚያም ሦስት አነሳሁ። የቀረው መልሱ ነው።"

ባዳቾ ለረጅም ጊዜ ደብተሩን አየ። እሱ በእንግሊዝኛ የጻፈላቸው ደንብ ውስጥ ሚዛን የሚል ነገር አልነበረም።

"ይህን እኔ አላስተማርኩህም" አለ።

"አይ፣ ከራሴ ነው።"

"ጎበዝ ነህ፣ ሶርሳ። ያን ቀን ልነግርህ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ሶርሳ መሬት መሬት አየ። ባለቤቱ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "ቲቸር" አለ በመጨረሻ፣ "ልጆቹ ሲስቁብኝ ችዬ ነበር። እርስዎ ዝም ሲሉኝ ግን 'በቃ፣ ይሄ ሰው አርጅቷል፣ ጊዜዬን አያባክን ማለታቸው ነው' አልኩ።"

ሰኞ ሶርሳ መጣ። ባዳቾ ሰሌዳው ፊት አቁሞ ስለ ሚዛኑ በወላይትኛ እንዲያስረዳ አደረገው። መጀመሪያ ሳቁ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ፤ ከዚያ አንዲት ልጅ "ሁለቱም በኩል የማይታወቅ ነገር ቢኖርስ?" ብላ ጠየቀችው። ሶርሳ ጭንቅላቱን አከከ፤ "እሱን አብረን እንይ" አለ። ያን ዕለት ደወል ተደውሎም የወጣ አልነበረም።

ባዳቾ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ ብላችሁ አታስቡ፤ ፊቱ ዛሬም የሚከፋበት ቀን አለ። አስተማሪነቱ ግን ተለወጠ። ልጅ መልስ ይዞ ሲመጣ "ልክ ነው" ከማለቱ በፊት "እንዴት ደረስክበት?" ይላል። ሶርሳ ከሃያው ዘጠኝ ያመጣ ዕለት እስክሪብቶ ሸለመው፤ አስጨበጨበለትም። በዚያው ፈተና ከሃያ ሃያ ያመጣችውን ልጅ ግን አልሸለማትም። ወደ ዴስኳ ጠጋ ብሎ "ለዚህ ጥያቄ ሌላ መንገድ አለ፤ ብታገኚው ለእኔም አሳዪኝ" አላት። ልጅቷ ስትፈልግ ሰነበተች፤ ከጓደኞቿ ጋር። የዓመቱ መጨረሻ ካርድ ሲሰጥም ከደረጃው በታች ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ መስመር ጻፈ፦ ይሄኛው ያልገባውን ለመጠየቅ እንዳላፈረ፣ ያቺኛዋ ለጓደኛዋ እንዳስረዳች፣ ያኛው ስህተቱን ራሱ እንዳገኘ። ለዚህ ሁለት ቀን ፈጀበት። ወላጆች ያችን መስመር ለማስነበብ እኔ ድረስ ይመጡ ነበር።

ሶርሳ በ2002 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን አለፈ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ መስከረም ላይ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል ባዳቾን ቤቱ ጠርቶት ነበር፤ ባዳቾም ሄዶ ከቤተሰቡ ጋር ዋለ። ከሚርያም ሞት በኋላ በሰው ቤት በዓል ሲውል የመጀመሪያው ነበር።

ትዕዛዝን ግን አላገኛትም። ይቅርታ ሊጠይቃት ሦስት ጊዜ ሶዶ ሄደ። ሁለቱን ጊዜ ፈርቶ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ሲገባ ከማሽኑ ጀርባ ሌላ ልጅ አገኘ። "ወደ ሐዋሳ ነው መሰለኝ የሄደችው፤ ሥራ አገኘሁ ብላ" አሉት የሱቁ ሰዎች። ተመልሶ በገበያ ቀን እናቷ ዘንድ ሄደ። እናቷ ጎደሬውን ትታ ብድግ አለች፤ አክብራው እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

"አልፎ አልፎ በስልክ 'ደህና ነኝ' ትላለች" አለችው። ቀጥላም "ልጄ ጎበዝ ነበረች፤ አይደል፣ ቲቸር?" ብላ ጠየቀችው።

"ከእኔ በላይ" አለ ባዳቾ። ሌላ ነገር መናገር አልቻለም።

እንግዲህ መምህራን፣ ወላጆችም፣ ከዚህ ታሪክ የያዝኩትን ልንገራችሁ። ሽልማትና ምስጋና ክፉ አይደለም። ሰው የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ የደከመ ሲበረታ ካላየነው ይቀራል። ነገር ግን ልጅ ወድዶ የጀመረውን ነገር በዋጋ ስንገዛው መውደዱን እንወስድበታለን፤ ዋጋው ሲቋረጥ በእጁ ምንም አይቀርለትም። የትኛው ልጅ ከጀርባው የሚደግፈው እጅ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ደግሞ ከጥያቄው ጋር ብቻውን ቢተው እንደሚሻለው ለማወቅ ልጁን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ አቋራጭ የለም። እኔም አይቼ ዝም ስላልኩበት ጊዜ ዛሬም ልቤ አያርፍም።

ስለዚህ ልጃችሁ ማንም ሳያዘው አንድ ነገር መርምሮ ሲመጣ ለመሸለም አትቸኩሉ፤ አጠገቡ ቁጭ በሉና "እስቲ አሳየኝ" በሉት። ወድቆ ተነስቶ የመጣውን ደግሞ በምልክት ብቻ አትሸኙት፤ በስሙ ጥሩት፣ ያያችሁትን ድካሙን ንገሩት። ይህንንም ልጁ ገና በእጃችሁ ሳለ፣ አውቶቡሱ ሳይወስደው አድርጉት።